ወፍ ገፋፊው ማርኬዝ ከሌት ማረፊያ ያልተመለሰበት ጉዳይ

ነሐሴ የአንኮበርን ሰው ከቤቱ የማያስወጣ ወር ነው። ጉሙ ከቆላው ሽቅብ ይነሣና ገደሉን ሲሞላው ጎረቤትህን በድምፁ ካልሆነ በመልኩ አትለየውም። እንጨቱ አይነድ፣ ልብሱ አይደርቅ። በእንዲህ ያለው ወቅት፣ ማርያም በዋለችበት ዕለት፣ ነሐሴ 21 ቀን 1874 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ኦገስት 26 ቀን 1882) ከአንኮበር ብዙም በማይርቀው ሌት ማረፊያ አንድ የሰባ ዓመት ፈረንጅ ሞተ። የተቀበረውም እዚያው፣ ሾላ ዛፍ ሥር ነው። ስሙ ኦራዚዮ አንቲኖሪ ይባላል። በትውልዱ ማርኬዝ (የአውሮፓ መሳፍንት ማዕረግ ነው)፣ በጎልማሳነቱ ወታደር፣ በእጁ ሙያ ደግሞ የወፍ ቆዳ ገፋፊ ነበር።

እኔ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ውጫሌን፣ አንቀጽ 17ን፣ አንቶኔሊን እንደ ዳዊት በቃሌ ወጥቻቸዋለሁ። ይህን ሰውዬ ግን አንድም መምህር አንሥቶልኝ አያውቅም። ስሙን መጀመሪያ ያገኘሁት በታሪክ መጽሐፍ ሳይሆን በወፍ ስም ውስጥ ነው። አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ቆመን ሳለ ጓደኛዬ ጅራቷ እንደ መቀስ የተሰነጠቀ አንዲት ጠቆር ያለች ትንሽ ወፍ አሳየኝና የሳይንስ ስሟን ነገረኝ፦ ፕሳሊዶፕሮክኔ አንቲኖሪ። የመጀመሪያው ቃል የመቀሷ ነው። «ሁለተኛውስ?» አልኩት። «እዚህ ታች የተቀበረ ጣሊያን ነው» አለኝ፣ የጎረቤቱን አጥር እንደሚያሳይ ሰው በአገጩ እየጠቆመ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ሰውዬው ከአገሩ ርቆ በሥራ ላይ እንዳለ ነው የሞተው። ግን ሲያገለግል የኖረው ማንን ነው?

የተወለደው በ1811 በፔሩጂያ ነው (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ካልገለጽሁ በቀር የፈረንጅ ናቸው)። ያኔ ኢጣሊያ የሚባል መንግሥት አልነበረም፤ የፔሩጂያም ባለቤት የሮማው ጳጳስ ነበር። ቤተሰቡ ባላባት ነው። እንዲህ ያለ ልጅ መሬቱን እያስተዳደረ መኖር ሲችል እሱ ግን ከልጅነቱ በወፍ ፍቅር ተያዘና ቢላና ወስፌ ይዞ ወፍ መግፈፍ፣ ማድረቅ፣ መስፋት ለመደ። ሮም ገብቶም በዚሁ ሙያ ሠራ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል። የሸዋ ሰው ሆኜ ሳየው ከታሪኩ ሁሉ የሚደንቀኝ ይኸው ነው። በእኛ አገር ቆዳ የሚያለፋው ሰው «ፋቂ» ተብሎ ሲሰደብ፣ ብረት የሚቀጠቅጠው «ቡዳ» ተብሎ ሲፈራ ኖሯል። ማረሻውን ከሱ ይገዙታል፣ ልጃቸውን ግን አይድሩለትም። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ እንዲቀጣ ማወጃቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። እንግዲህ የባላባት ልጅ፣ ያውም በእኛ ማዕረግ ከነደጃዝማቹ ሰፈር የሚቆጠር፣ እጅጌውን ጠቅልሎ የሞተ ወፍ ሲገፍ አስቡት።

በ1848 አውሮፓ ሲታመስ ሮምም ተነሣች። ጳጳሱ ፒዮ ዘጠነኛ ከተማቸውን ጥለው ሸሹ፤ በየካቲት 1849 ሪፐብሊክ ታወጀ። አንቲኖሪ ቢላውን አስቀምጦ ጠመንጃ አነሣ፤ ከሪፐብሊኩ ወገን ሆኖም ተዋጋ። ዓመት አልቆየም። የፈረንሳይ ጦር ሐምሌ ላይ ሮም ገባ፣ ሪፐብሊኩ ፈረሰ። በጳጳሱ ዓይን ሰውዬው ከዚያ ወዲያ ሽፍታ ነው። ስለዚህ ተሰደደ፤ ግሪክ፣ ከዚያም በቱርክ ግዛት ሰሚርኔስ።

ስደተኛ በመሬቱ አይበላም፤ በማዕረጉም ቢሆን ያው ነው። የሚያበላው እጁ የያዘው ሙያ ብቻ ነው። አንቲኖሪ እያደነ፣ እየገፈፈ፣ የደረቀውን ለሰብሳቢና ለሙዚየም እያቀረበ ኖረ። ሙያው ምን እንደሆነ ካልታየ ግን የሚቀጥለው ነገር ስለማይገባ እስቲ ጠጋ ብለን እንየው።

ወፉ ተመትቶ ሲወድቅ ዋናው ሥራ ገና ይጀምራል። ደሙ ላባውን እንዳያበላሽ አፉና ቁስሉ በጥጥ ይደፈናል። ከደረቱ በታች ቆዳው ብቻ በትንሽ ቢላ ይሰነጠቃል፤ ቢላው ጠልቆ ሆዱን ከነካው ፈሳሹ ይወጣና ወፉ ከነላባው ይበላሻል። ከዚያ ቆዳው በጣት ቀስ እየተገፋ እንደ ካልሲ ይገለበጣል። እግሩ ከጉልበቱ፣ ክንፉ ከትከሻው፣ አንገቱ ከራስ ቅሉ ሥር ይቆረጣል። አንጎሉና ዓይኑ ይወጣሉ፤ ራስ ቅሉና ምንቃሩ ከቆዳው ጋር ይቀራሉ። ውስጡ አርሴኒክ በገባበት ሳሙና ይቀባል፣ አለዚያ ብል ይጨርሰዋል። መርዝ ነው፤ የሠራተኛው ጥፍር ሥር ሲገባ ደግሞ ይፈጀዋል። ከዚያ ቆዳው ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ጥጥ ይሞላል፣ ይሰፋል፤ ክንፉ ተጣጥፎ በክር ይታሰራል። በመጨረሻ እግሩ ላይ ወረቀት ይንጠለጠላል፦ የት፣ መቼ፣ ወንድ ወይስ ሴት። ያቺ ወረቀት ከሌለች ያ ሁሉ ድካም ከግድግዳ ጌጥ አያልፍም።

የድንቢጥ ቆዳ ከሲጋራ ወረቀት ብዙም አይወፍርም። ግራ እጅ ይይዛል፣ ቀኝ እጅ ይቆርጣል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ይህን ያዙልኝ።

ከ1859 እስከ 1861 ሱዳን ገብቶ ከካርሎ ፒያጃ ጋር በነጭ ዓባይ ተፋሰስ ዞረ። በዚሁ በ1861 ኢጣሊያ አንድ መንግሥት ሆነች፤ ሽፍታው አገር አገኘ። በ1867 የኢጣሊያ ጂኦግራፊ ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ። በ1869 መጨረሻ አንድ የኢጣሊያ የመርከብ ኩባንያ አሰብ ላይ መሬት ገዛ። በ1870 አንቲኖሪ ከተፈጥሮ ተመራማሪዎቹ ከቤካሪና ከኢሰል ጋር ከረን አካባቢ ቦጎስ ሄዶ ወፍና ዕፅ ሰበሰበ። ወፉና መሬቱ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ጎን ለጎን ነው የሄዱት፤ ይህን ልብ ሳይሉ የሰውዬውን መጨረሻ መፍረድ አይቻልም።

በ1876 ማኅበሩ ወደ ሸዋ ጉዞ አሰናዳ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ዓላማ ከሸዋ ተነሥቶ የምድር ወገብ ሐይቆችን መድረስ ነበር። መሪው አንቲኖሪ ሆነ፤ ዕድሜው 64። በዚያ ዕድሜ የእኛ ሰው ከደጀ ሰላም ሲመለስ እንኳ ዱላ ይሻል። እሱ ከነጆቫኒ ኪያሪኒና ከነማርቲኒ ጋር በዘይላ አድርጎ የአፋርን በረሃ በግመል ተሻገረና በዓመቱ ውስጥ ልቼ ገባ።

ልቼ ዛሬ ከደብረ ብርሃን አፍንጫ ሥር ያለች ስፍራ ናት፤ ያኔ የምኒልክ ከተማ ነበረች። ምኒልክ ለምን ተቀበሉት ለሚል ሰው መልሱ በዘመኑ ካርታ ላይ አለ። ግብፅ ምፅዋን ይዛለች፤ በ1875 ዘይላንና ሐረርን ጨምራ ይዛለች። አፄ ዮሐንስ በኅዳር 1875 ጉንደት ላይ፣ በመጋቢት 1876 ጉራ ላይ ግብፆችን ድል አድርገው ኃይላቸው ገንኗል። ከመቅደላ በ1865 አምልጠው የመጡት የሸዋው ጌታ ከሰሜኑ ንጉሠ ነገሥትና ባሕሩን ከዘጋችው ግብፅ መካከል ነው ያሉት። የሚፈልጉት ጠመንጃና ወደ ባሕር የሚያወጣ በር ነው። አያታቸው ሣህለ ሥላሴ በ1841 ከእንግሊዙ ሃሪስ ጋር ውል ተዋውለው ነበርና ፈረንጅ ለሸዋ ቤተ መንግሥት ባዳ አይደለም። ወፍ ሰብሳቢው ሽማግሌ ከበስተኋላው መንግሥት እንዳለው ምኒልክ ሳይገባቸው አልቀረም ባይ ነኝ።

በአስተርጓሚነትም በአማላጅነትም መካከል የገቡት አባ ማስያስ ነበሩ፤ በሸዋ የሚኖሩት የካፑቺን (የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር) ጳጳስ ጉልየልሞ ማሳያ። ነገሩ ያስቃል። በ1849 የሮማውን ጳጳስ ግዛት ሊያፈርስ ጠመንጃ ያነሣ ሰው፣ ከ27 ዓመት በኋላ የጳጳሱ መልእክተኛ ከንጉሡ ፊት ቆመው መሬት ሲያማልዱለት። በባዕድ አገር የአገር ልጅነት ይበልጣል መሰለኝ።

የተሰጠው መሬት ሌት ማረፊያ ነው። ስሙ ራሱ የመንገደኛ ስም ነው፦ መሽቶበት አድሮ የሚያልፍበት። አንቲኖሪ ግን እዚያ አድሮ አላለፈም፤ ስድስት ዓመት ኖረበት። በታች ሞቃቱ ቆላ፣ በላይ ብርዳሙ ደጋ፣ መካከሉ ጥድና ወይራ፤ ለወፍ ሰብሳቢ ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም። ግማሽ ቀን ብትወርድ የወፉ ዓይነት ይለወጣል።

ብዙም ሳይቆይ ክፉ ነገር ደረሰበት። አደን ላይ እንዳለ በጥይት ቀኝ እጁን ክፉኛ ቆሰለ። ሐኪም ቤት በሌለበት አገር ቁስሉ እንደምንም ዳነ፤ እጁ ግን ወደ ቀድሞው አልተመለሰም።

አሁን ወደ ቢላዋና ወደ ወስፌዋ ተመለሱ። ሮም ላይ የጦር መሣሪያ ያልነጠቀውን ሙያ ልቼ ደርሶ የገዛ አደኑ ነጠቀው። ሌላ ሰው ቢሆን ዕቃውን ጠቅልሎ ይመለሳል፤ ማንም አይፈርድበትም። ስብስቡ ግን አልቆመም። ከሌት ማረፊያ ወደ ኢጣሊያ የሄዱት የወፍ ቆዳዎች እስከ መጨረሻው ድረስ መድረሳቸውን ቀጥለዋል። የቆሰለ እጅ ብቻውን የድንቢጥ ቆዳ አይገለብጥም፤ የሌሎች ጣቶች ገብተውበታል ማለት ነው። የሳይንስ ስም ሲወጣ የጣት ባለቤት አይቆጠርም። እኔ ግን አንኮበር ላይ ወፍ በወንጭፍ ሲመቱ ያደጉትን ልጆች እያሰብሁ ነው የማነበው።

ክረምቱን ደግሞ አትርሱ። ያልኩት ጉም ቆዳ አያደርቅም። የሰፉት ወፍ እሳት ዳር ካልተቀመጠ ሻጋታ ያወጣል፣ ከእሳቱ ከተጠጋ ላባው ይለበለባል። ጋቢ ለማድረቅ የምትታገል የአንኮበር ሴት ይህን ፈተና ታውቀዋለች።

ወደ ሐይቆቹ የሚደረገው ጉዞ ለወጣቶቹ ቀረ። ኪያሪኒና በ1877 የመጣው አንቶኒዮ ቼኪ በ1878 ወደ ደቡብ ምዕራብ ወረዱ። ጌራ በምትባለው ትንሽ መንግሥት ተያዙ። ኪያሪኒ በጥቅምት 1879 እዚያው ሞተ፤ ቼኪ በጎጃሙ ራስ አዳል በኩል ተማልዶ እስኪለቀቅ ድረስ ከረመ። ሐይቆቹን ማንም አላያቸውም። ሌት ማረፊያ ያለው ሽማግሌ የመራው ጉዞ በወረቀቱ መሠረት ከተለካ ከሽፏል።

በዚያው መካከል በላይ ያለው ፖለቲካ ተገለባበጠ። በመጋቢት 1878 ምኒልክ ልቼ ላይ ለአፄ ዮሐንስ ገብተው የሸዋ ንጉሥነታቸው ታወቀላቸው። በ1879 በዮሐንስ ትእዛዝ አባ ማስያስ ከአገር ወጡ። በዚያው ዓመት ሁለት ሰዎች ሸዋ ገቡ። አንዱ ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነው፤ ምኒልክ ሙያውን ለመፈተን ጫማ ስፋ አሉት የሚባለው። ሁለተኛው ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ ነው። ኢልግ የሚሠራ እጅ ይዞ መጣ፣ አንቶኔሊ የሚፈርም እጅ። አንቲኖሪ ያኔ በአንድ እጁ ነው ያለው።

እዚህ ላይ ነው ክርክሩ። አንዱ ወገን «ሰላይ ነበር፣ ወፉ ሽፋን ነው» ይላል። ሌላው «የዋህ ሊቅ ነበር፣ ከፖለቲካ ምን አለው» ይላል። ሁለቱንም አልቀበልም።

ሰላይ ለሽፋን ብሎ ስድስት ክረምት አርሴኒክ አይነካም። ለሽፋን ሃያ ወፍ ይበቃዋል። በሌላ በኩል የዋህ ነው ማለትም ሰውዬውን መናቅ ነው፤ ለሪፐብሊክ የተዋጋ፣ ተሰዶ የኖረ፣ አገሩ አንድ ስትሆን ያየ፣ ማኅበሩን ከመሠረቱት አንዱ የሆነ ሰው ሮም ውስጥ ምን እንደሚታሰብ አይጠፋውም። የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ሌት ማረፊያ የወፍ ማድረቂያ ነበረ፤ የአገሩ ሰው ለሆነ ሁሉ ደግሞ ማደሪያ፣ የደብዳቤ መቀበያ፣ የዕቃ ማስቀመጫ ነበረ። አንቶኔሊ ሲመጣ ንጉሡ ጣሊያን ለምደዋል፣ መሬቱ ተሰጥቷል፣ ሽማግሌው ተከብሮ ተቀምጧል። አንቲኖሪ ውል አልፈረመም። የተፈረመበትን ምንጣፍ ያነጠፈው ግን እሱ ነው፣ ምናልባትም ማንጠፉን ሳያስብ።

ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። እሱ በነሐሴ 1882 ሞተ። ዓመት ሳይሞላ በግንቦት 1883 አንቶኔሊ አንኮበር ላይ ከምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ፤ በአሰብና በአውሳ የሚመጣው የጠመንጃ መንገድም ተከፈተ። በግንቦት 1889 ውጫሌ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ። ጣሊያን ሸዋን አባብላ ልታስገባ የላከችው ጠመንጃ ዐድዋ ላይ በጣሊያን ላይ ተተኮሰ። ስለዚህ መሬቱን በመስጠታቸው ምኒልክ ተታለሉ የሚለውን ሰው ሒሳቡን እንደገና ሥራ እለዋለሁ።

ጣቢያውን ከአንቲኖሪ በኋላ የያዙት ሐኪሞች ነበሩ፣ ራጋዚና ትራቬርሲ። ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ አንኮበርም ከመንገድ ወጣች፤ ሌት ማረፊያም ሌት የሚያርፍባት ጠፋ። ወፎቹ ግን ደርሰዋል። ቶማሶ ሳልቫዶሪ የሚባል የወፍ ሊቅ የአንቲኖሪን የሸዋ ስብስብ አጥንቶ በ1884 አሳተመ፤ ያቺን መቀስ ጅራት በስሙ የጠራትም ያኔ ነው። ጄኖቫ በሚገኘው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ዛሬም በጉማችን ውስጥ የደረቁ ወፎች በመሳቢያ ውስጥ ተኝተዋል።

ባለፈው ጥር እንደገና ወረድሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ወፏ ከገደሉ አፍ ላይ ታች ላይ ትላለች፣ ዝንብ እየለቀመች። የወንዱ ክንፍ ጠርዝ እንደ መጋዝ የሻከረ ነው ይላሉ፤ ከዚያ ርቀት አይታይም። አንድ በግ የሚጠብቅ ልጅ መጥቶ አጠገቤ ቆመና የማየውን አየ።

«ጋሼ፣ እሷን ነው?» አለኝ። «ቤቷን ላሳይዎት?»

ከመንገዱ ዳር ወደተናደው አፈር ወሰደኝ። እጅ የምታስገባ አንዲት ጉድጓድ ነበረች። ልጁ ተንበርክኮ ቀኝ እጁን እስከ ክርኑ ከተተ፣ ዳበሰ፣ አወጣ።

«ባዶ ነው ጋሼ። በክረምት ይምጡ።»